«ጆሮዬ ከድቶኛል» አለኝ አባቴ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ጓደኛ ክህደት ብዙ አንብበናል። የኔ ታሪክ ግን ስለ አንድ አሮጌ ፒያኖ ነው። «ደግሞ ፒያኖ ምን ያደርግልናል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ! ነገሩ የፒያኖ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ባላስቸገርኳችሁ።

ቤታችን ሐዋሳ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ቀን ቀን አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቡፌው ጎን፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ፒያኖ አለ። አባቴ የገዛው እኔ ሳልወለድ ነው፣ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ ሰዎች ላይ። ስንት ብር እንደገዛው ለእናቴ እስከ ዛሬ በትክክል አልነገራትም። ማንም አላስተማረውም። በልጅነቱ ክራር ይነካካ ስለነበር በጆሮው እየፈለገ መጀመሪያ ትዝታን አገኘ፣ ቀጥሎ ባቲን፣ ከዚያ አምባሰልን። እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ እሱ ሲጫወት ነው ያደግሁት።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መጫወቱን ቀነሰ። በኋላም ጭራሹን ተወው። ስንጠይቀው «ሥራ በዛብኝ» ይላል። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? አንድ እሁድ እናቴ ለምናው ተቀመጠ። ትዝታን ጀመረና መሐል ላይ ቆመ። አንዷን ቁልፍ ደጋግሞ መታት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ ዘጋና ወደኔ ዞሮ፣

«ልጄ፣ ጆሮዬ ከድቶኛል። የማውቀው ድምፅ ሁሉ ተጣሞብኛል» አለኝ።

ምን ልበላችሁ... አባቴ ስለ ጉልበቱ ያማርራል፣ ስለ ዓይኑ ያማርራል። ይህን ሲናገር ግን ማማረር አልነበረም። የቆረጠ ሰው ንግግር ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ገዢ አመጣ። ሰውየው ሆቴል እየሠራ ነው። ፒያኖውን የሚፈልገው መግቢያው ላይ ለጌጥ ሊያቆመው፣ በላዩም አበባ ሊያስቀምጥበት ነው። ሕንፃው ጥር ላይ ስለሚያልቅ ያን ጊዜ እወስዳለሁ አለ። አባቴ «ይውሰደው፣ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ተስማማ። ጊዜው የጥቅምት መጀመሪያ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው?

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ቁልፎቹን እነካካ ጀመር። ሙዚቃ አልችልም። ግን አባቴ ደጋግሞ የመታትን ቁልፍ ስመታ እኔም አሳከከኝ። አንድ ድምፅ መሆን ሲገባው እንደሚጨቃጨቁ ሰዎች ነው። እንዴ! የኔ ጆሮ ገና 26 ዓመቱ ነው። ለኔም ከተጣመመ ጥፋቱ የአባቴ ጆሮ ነው ወይስ የፒያኖው?

በሰው በሰው ብዬ አዲስ አበባ ያሉ አንድ የፒያኖ ቃኚ ስልክ አገኘሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ ነው የማነጋግራቸው።

«መጨረሻ የተቃኘው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ፒያኖ ይቃኛል እንዴ?» ብላቸው ረጅም ሳቅ ሳቁ።

የሚገርመው አባቴም አስቦት አያውቅም። ክራር የሚያውቅ ሰው! ክራር ተጫዋች ሳይቃኝ አይጀምርም። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገርም ክሮቹን ጠበቅ ላላ ያደርጋል። ፒያኖ ግን በእንጨት ሣጥን ተከድኖ፣ በብረት ታስሮ ስለሚመጣ እንደ ቡፌ አንዴ ከተቀመጠ የማይነቃነቅ ይመስላል።

ጋሼ በትዕግሥት አስረዱኝ። 88ቱ ቁልፎች ከበስተጀርባቸው ወደ 230 የሚጠጉ የብረት ክሮች አሏቸው። ወፍራሞቹ መዳብ የተጠመጠመባቸው ናቸው፣ ለአንድ ቁልፍ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ከመሐል ጀምሮ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ግን ለአንዷ ቁልፍ ሦስት ሦስት ክር ነው። የሁሉም ክሮች ጉተታ ሲደመር ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል፤ በዚህ አገር አማርኛ የሁለት የተጫኑ አይሱዙዎች ክብደት በሉት! ድምፅ የሚያስተጋባው ከኋላ ያለ ስስ ሳንቃ ደግሞ እንጨት ነው። በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ክሮቹም ይወጠራሉ። በበጋ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ክሮቹም ይላላሉ። በሐዋሳ ክረምትና በሐዋሳ በጋ መካከል ይህን ያህል ዓመት ሲመላለስ የኖረ ፒያኖ በቅኝቱ ይቆያል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

«ይምጡልኝ» አልኳቸው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጓጓዣው፣ የማደሪያው፣ የሥራቸው ዋጋ ሲደመር የኔን የሁለት ወር ደሞዝ አለፈ። እሳቸውም ወገባቸውን ያማቸዋል። «ትዕግሥት ካለሽ ጥቂት ጥቂቱን ራስሽ መሞከር ትችያለሽ፣ በስልክ እረዳሻለሁ» አሉኝ። «ግን አደራ፣ ፒንሳ እንዳትነኪ! ለዚህ የተሠራ መቃኛ አለ፣ እሱን አስመጪ።»

የፒንሳው ጉድ

እንግዲህ «እንዳትነኪ» የተባለ ነገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ መቃኛውን እንድትይዝልኝ ነገርኳት። ግን የምትመጣው ኅዳር ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጥር እየገፋ መጣብኝ። አንድ ቅዳሜ የሰፈር ጋራዥ ሄጄ ፒንሳ ተዋስኩ። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቼ አወረድኩ። ክሩ የተጠመጠመበትን ፒን በፒንሳ ነክሼ አዞርኩት። እምቢ አለ። ጠንከር አድርጌ አዞርኩት...

ጧ!

ክሩ ተበጥሶ ጉንጬን ታኮ አለፈ። የፒኑም አራት ማዕዘን ጫፍ ተላጠ። አባቴ ከጓዳ እየሮጠ መጣ። የተበጠሰውን ክር አየ፣ ፒንሳውን አየ፣ እኔን አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ተይው ልጄ» አለኝ። «ለአበባ ማስቀመጫ ለሚሆን ዕቃ ዓይንሽን ልታጠፊ ነው?»

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለጋሼ በማግሥቱ ስነግራቸው ዝም አሉና «አሁን መማር ትጀምሪያለሽ» አሉኝ።

ሞገዱን መስማት

ኅዳር ላይ መቃኛው መጣ። አጭር እጀታ ያለው፣ ጫፉ ፒኑን ልክ የሚገጥም ቁልፍ ነው። ከሦስቱ ክሮች ሁለቱን ዝም ለማሰኘት ሽብልቅ ያስፈልጋል። እኔ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጬ ሠራሁ፤ የጋሼን ሳቅ ብትሰሙት! «ይሠራል፣ ይሠራል» አሉኝ።

የመጀመሪያው ትምህርት እንዲህ ነው። ጀማሪ ሰው ፒያኖውን በሙሉ ለመቃኘት አይነሣም። አንዷን ቁልፍ ይመርጣል። ከሦስቱ ክሮች አንዱን በሽብልቅ ያፍናል። የቀሩትን ሁለቱን ያስማማል። ከዚያ ሦስተኛውን ይለቅና ከነሱ ጋር ያስማማል። በቃ! ወር ሙሉ ይህንኑ ማድረግ ነው። መቃኛው የሚንቀሳቀሰው ለዓይን እንኳ በማይታወቅ መጠን ነው። ቁልፏን ጠንከር አድርጎ እየመቱ፣ ከተፈለገው ትንሽ አሳልፎ ወጥሮ፣ መልሶ ማሳረፍ። ያላረፈ ፒን በማግሥቱ ይክዳል።

«ድምፁን አትስሚ፣ ሞገዱን ስሚ» ይሉኛል ጋሼ። እኔ ግን ምንም ሞገድ አይሰማኝም። አንዷን ቁልፍ አንድ ሰዓት ሙሉ ደንግ ደንግ ሳደርግ ጎረቤታችን ለእናቴ «ልጅቷ ደህና ናት?» ብላ ጠየቀቻት። ደግሞ ጸጥታ የት ይገኛል? ከአጥራችን ጀርባ ወፍጮ ቤት፣ በፊታችን ባጃጅ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፣ እኔ እደሰት ጀመር። ወፍጮው ዝም ይላላ!

አንድ እንዲህ መብራት የጠፋበት ከሰዓት በኋላ አባቴ ጋዜጣውን ጣለና መጣ። «ምንድነው የምትፈልጊው ግን?»

«አባዬ፣ ሁለቱ ክሮች ካልተስማሙ ሞገድ አለ ይላሉ። ው-ዋ፣ ው-ዋ የሚል። አልሰማ አለኝ።»

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ቢትስ!» አለ። «ቢትስ ነዋ! አንዱ በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 442 ጊዜ ቢርገበገቡ፣ ድምፁ በሰከንድ ሁለቴ ከፍ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ሲጠብ ሞገዱ ይዘገያል። እኩል ሲሆኑ ይጠፋል። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት!»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ምቺ» አለኝ። መታሁ። ዓይኑን ጨፈነ። «ሦስት... በሰከንድ ሦስት ገደማ ነው። አጥብቂ። ቀስ! ሁለት... አንድ... አሁን እየተኛ ነው... ቁሚ!»

ቆምኩ። ያን ጊዜ ለኔም ተሰማኝ። ሲጨቃጨቁ የነበሩት ክሮች አንድ ሆኑ። ድምፁ ረጅምና ጥርት ያለ ነበር፣ ማለዳ ሐይቁ ነፋስ ሳይነካው እንደሚተኛው። አባቴ ዓይኑን አልገለጠም።

ጆሮዬ ከድቶኛል ያለ ሰው ከኔ አስቀድሞ ሰማ!

የደበቀን ነገር

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለታችንም ሥራችን ይኸው ሆነ። እሱ ይሰማል፣ እኔ አዞራለሁ። መሐሉን በሦስት ሳምንት ጨረስን። እኔም በልቤ «አየህ አባዬ፣ ጆሮህ ምንም አልሆነም» ልለው ቀኑን እጠብቃለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ወደ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ደረስን። አንዷን የመጨረሻዎቹን ቁልፍ መታሁ።

«ይቺ ክር የላትም እንዴ?» አለኝ።

ክር ነበራት። ለኔ ጥርት ብላ ትሰማኛለች። ደግሜ መታሁ። አባቴ የመዶሻውን ኳ ኳታ እንጂ ድምፁን አልሰማም። ተያየን። ሁለታችንም ገባን።

ውድ አንባብያን፣ እውነቱ እንዲህ ነበር። ፒያኖውም ተጣሞ ነበር፣ የአባቴም ጆሮ ደክሞ ነበር። እኔ ጥፋቱን ሁሉ ለፒያኖው ሰጥቼ አባቴን ነፃ ላወጣው ነበር የቸኮልኩት። እሱ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ወስዶ ፒያኖውን ሊሸጥ ነበር።

የጆሮ ምርመራ ወሰድኩት። ሐኪሙ በወረቀት ላይ መስመሩን አሳየን። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጫጭን ድምፅ የሚሰማው የጆሮ ክፍል ነው። የፒያኖ የመጨረሻዋ ቁልፍ በሰከንድ ከ4,000 ጊዜ በላይ ትርገበገባለች፣ የመሐሉ ግን ብዙ መቶ ብቻ ነው። የአባቴ ጆሮ መሐሉ ላይ ደህና ነው። ሐኪሙ ከፍ ያለ ጩኸት እንዳይበዛበት፣ በየጊዜውም እንዲመረመር መከረው። አባቴ ከሐኪም ቤት ሲወጣ «በዓመታት ያልገባኝን በአንድ ወረቀት አስገባኝ» አለ። የተከፋ አይመስልም ነበር። የማያውቁት ነገር ነው የሚያስፈራው።

ሁሉም ትንሽ ይተዋል

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዷን ቁልፍ ከራሷ ክሮች ጋር ማስማማት አንድ ነገር ነው፣ ቁልፎቹን እርስ በርሳቸው ማስማማት ግን ሌላ። በስልኬ ላይ የመቃኛ ፕሮግራም ጭኜ ነበር፣ አባቴ ግን «በጆሮ እንሞክረው» አለ። ለጆሮ የምትጥመውን ርቀት፣ ሞገድ የሌላትን፣ ከአንዷ ወደ ቀጣዩ እየተሻገርን ሠራን። 12 ጊዜ ተሻግረን ወደ ተነሣንበት ድምፅ ስንመለስ አልገጠመም! ተሳስተናል ብለን ደገምን። አሁንም አልገጠመም።

አባቴ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ማስላት ጀመረ። 1.5ን 12 ጊዜ እርስ በርሱ ቢያባዛው 129.7 መጣ። ለመግጠም መምጣት የነበረበት 2 ሰባት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው 128 ነው። ሁሉንም ርቀት ፍጹም ካደረግነው መጨረሻ ላይ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ይተርፋል። ለጋሼ ስንደውል «አዎን» አሉ፣ «ለዚህ ነው እያንዳንዷ ከፍጹምነቷ ጥቂት የምትተወው። አንዷ ልክ ነኝ ብላ ከገተረች ጣጣው ሌላዋ ላይ ነው የሚወድቀው።» እናቴ ቡና እያቀረበች ነበርና «ይህን ለወንድምሽ ንገሪልኝ!» አለች።

አንድ ጓደኛዬ «ፒያኖ የፈረንጅ ነው፣ ከትዝታ ጋር ምን አገናኘው?» ብላኛለች። እውነት ነው፣ የክራር ቅኝት በጆሮ ስለሚበጅ ከፒያኖ 12 እኩል እርከኖች ጋር ሁሌ አይገጥምም። ግን እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የኛን ዜማ በፒያኖ ለዓለም አሰምተዋል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ከፒያኖ በፊት የክራር ልጅ ነበር። አባቴም በአቅሙ ከዚያው ወገን ነው።

እናንተም ብትሞክሩ

አሮጌ ፒያኖ ያለው ቤት ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ካላችሁ፣ ከኔ ስሕተት ተማሩ። ፒንሳ አትንኩ። ፒኖቹ ላይ ዘይት ቅባት አታድርጉ፤ እንጨቱ ከጠጣው ፒኑ መያዙን ይተዋል። ክሩን ከላይ ሆናችሁ ፊታችሁን አስጠግታችሁ አትወጥሩ፣ መነጽር አድርጉ። ፒያኖውን ከመስኮትና ከፀሐይ አርቁት። ዝናቡ እንዳባራ አትጣደፉ፣ ሳንቃው ይርጋ። ፒኑ ተወጥሮ ወዲያው የሚላላ ከሆነ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ተዉት። ሌላው ደግሞ፣ በዓለም የተለመደው የ«ኤ» ድምፅ 440 ነው ብላችሁ ብዙ የወረደ አሮጌ ፒያኖ በአንድ ጊዜ ወደዚያ አትጎትቱ፣ ክሩ ይበጠሳል። የኛ ወርዶ 430 ገደማ ነበር፤ ጋሼ እዚያው ይቅር አሉን። ከሌላ መሣሪያ ጋር ካልተጫወተ፣ ከራሱ ጋር መስማማቱ ይበቃዋል።

ከፒያኖውም በላይ የምላችሁ ይህን ነው። እናት ወይ አባታችሁ የሚወዱትን ነገር ድንገት ቢተዉ፣ «አርጅተው ነው» ብላችሁ አትለፉ። «ምንም አልሆናችሁም» ብላችሁም አታባብሏቸው። አጠገባቸው ተቀመጡና የትኛው እንደተበላሸ አብራችሁ ፈልጉ።

ጥር ላይ ሰውየው ከወንድሜ ጋር መጣ። አባቴ እየተጫወተ ነበር። ፒንሳ የበጠሰብኝ ክር እስካሁን ስላልተተካ ያቺ ቁልፍ በሁለት ክር ነው የምትዘፍነው። ሰውየው ቆሞ እስኪጨርስ ጠበቀ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለው አባቴ። «ገና አልጨረስነውም።»

ሰውየው ስቆ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ወንድሜ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ፣ በኋላ ግን የአዲሱን ክር ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ አለ።

እሁድ እሁድ አባቴ ተመልሶ ይጫወታል። ጣቱ ወደ ቀጫጭኖቹ ቁልፎች ሲሄድ ወደኔ ዞር ይላል።

«ይቺ ደህና ናት?»

«ደህና ናት አባዬ።»

«እንግዲያው ቀጠልኩ» ይላል።